በመካከለኛው ራይን ላይ አንድ ቀን፦ ከአስጎብኚ ቡድን ጋር በወንዝ መርከብ ለሚጓዙ

የወንዝ ዳር (ፍራንክፈርት)

ወላጆቻቸውን በአውሮፓ ወንዝ ላይ በመርከብ ለማንሸራሸር የሚያስቡ አባላት በዚህ መድረክ ደጋግመው ስለሚጠይቁ፣ እኔም እናቴን ይዤ ከባዝል እስከ አምስተርዳም ከአንድ አስጎብኚ ቡድን ጋር ስለተጓዝሁ፣ ጉዞውን በሙሉ ከመተረክ ይልቅ አንዱን ቀን መርጬ በዝርዝር አቀርባለሁ። የመረጥሁት መርከባችን በጀርመን ካለችው ከሩደስሃይም ከተማ ተነሥታ ወደ ኮብሌንዝ የወረደችበትን ቀን ነው። በእኔ እምነት የራይን ጉዞ ዋጋ የሚያወጣው በዚያ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ በሚታለፉት ጥቂት ሰዓታት ነው፤ የቡድን መርሐ ግብር ደግሞ እነዚያኑ ሰዓታት በሌላ ነገር የመሙላት ጠባይ አለው። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሌሊቱን ያደርነው ሩደስሃይም ነበር። የባቡር ሐዲዱ በከተማዋና በወንዙ መካከል ስለሚያልፍ የጭነት ባቡሮች ሌሊቱን ሲመላለሱ ይሰማሉ፤ ስለዚህ እንቅልፋቸው ቀላል ለሆነ ወላጆች የጆሮ መድፈኛ መያዝ ይጠቅማል። ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት መርከቦቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ስለሚታሰሩ፣ ወደ ምድር ለመውረድ የጎረቤት መርከብን እንግዳ መቀበያ አቋርጦ ማለፍ ያስፈልጋል፤ ጠዋት መጋረጃ ሲገለጥም በወንዙ ፈንታ የሌላ መርከብ መስኮት ሊገጥም ይችላል። ይህ የማረፊያው ጥበት ያመጣው ስለሆነ ማንም የሚወቀስበት አይደለም።

ከቁርስ በኋላ የጉዞ አስተባባሪያችን የቀኑን መርሐ ግብር በድምፅ ማጉያ አነበበች፦ ረፋድ ላይ በሳሎኑ ውስጥ ስለ አካባቢው ወይን ጠጅ ገለጻ፣ እኩለ ቀን ላይ ምሳ፣ ከሰዓት በኋላ በኮብሌንዝ የእግር ጉብኝት። ገለጻው የተያዘው መርከቢቱ የሸለቆውን እጅግ ውብ ክፍል በምታልፍበት ሰዓት ነበር። ከቡድኑ ብዙዎቹ ወደ ሳሎኑ ገቡ፤ እኔና እናቴ ግን የጠዋቱ ነፋስ በሐምሌም ቢሆን ብርድ ስላለው ጋቢያችንን ደርበን ወደ ላይኛው ደርብ ወጣን።

ወንዙ ቢንገን ላይ ከምዕራብ ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ እስከዚያ ድረስ ሰፊና ዝግ ያለ የነበረው ውሃም በተራሮች መካከል ገብቶ ይፈጥናል። የአይጦች ግንብ የሚባለው ትንሽ ግንብ በደሴቱ ላይ ይታያል፤ ከእሱ ቀጥሎ በግራ ዳርቻ ራይንሽታይን፣ ራይኸንሽታይንና ዞኔክ ተከታትለው ይመጣሉ። ከእነዚህ ግንቦች መካከል ብዙዎቹ ዛሬ የሚታየው አካላቸው የ19ኛው መቶ ዓመት ሥራ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። በ1689 የፈረንሳይ ሠራዊት በአካባቢው ብዙ ምሽግ ሲያፈርስ አለፈ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የፕሩሲያ ነገሥታትና መሳፍንት ራይንሽታይንን፣ ዞኔክንና ሽቶልዘንፌልስን ከፍርስራሻቸው አስነሷቸው። በሸለቆው ከፍታ ላይ ካሉት የመካከለኛው ዘመን ግንቦች ፈርሶ የማያውቀው ወደ ኮብሌንዝ ሲቃረቡ በቀኝ የሚታየው ማርክስቡርግ ብቻ ነው።

እናቴ ግን ዐይኗን የጣለችው ከግንቦቹ ይልቅ በወይኑ ተክል ላይ ነበር። ተክሉ የቆመው ሰው በእግሩ ለመውጣት በሚቸገርበት ቀጥ ያለ ገደል ላይ፣ በድንጋይ ካብ በተያዙ እርከኖች ነው። አፈሩ በጥቁር የሰሌዳ ድንጋይ ስብርባሪ የተሞላ ስለሆነ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ማታ ይመልሳል፤ ሪስሊንግ የሚባለው የወይን ዘር በዚህ ሰሜናዊ አገር የሚበስለውም በዚህ ረዳትነት ጭምር ነው። እናቴ የገበሬ ልጅ ናትና የትኛው እርከን እንደሚታረስ፣ የትኛው እንደተተወ ከሩቅ ለየች። «ያኛው ካቡ ተንዷል፤ ቁጥቋጦ ገብቶበታል፤ ባለቤቱ ወይ ሞቷል ወይ ልጆቹ ከተማ ገብተዋል» አለች። በእርግጥም በመካከለኛው ራይን የወይን እርሻው ስፋት ካለፈው መቶ ዓመት ወዲህ እጅግ ቀንሷል፤ በገደል ላይ የሚሠራው ሥራ አብዛኛው በእጅ ስለሆነ ተተኪ ያጡ እርከኖች በዛፍ ተውጠዋል። በሳሎኑ ውስጥ የነበረው ገለጻ ስለ ወይኑ ጣዕም ነበር፤ እናቴ ከላይ ሆና ስለ ወይኑ ድካም አየች።

ካውብ ሲደርሱ በወንዙ መካከል በጠባብ አለት ላይ የቆመ ነጭ ምሽግ ይታያል። ስሙ ፕፋልስግራፈንሽታይን ነው። ግንባታውን በ1327 ገደማ ያስጀመረው የባቫሪያው ሉድቪግ ሲሆን ዓላማው ቀረጥ መሰብሰብ ነበር፤ ቀረጡም እስከ 1866 ድረስ ቆይቷል። ምሽጉን ከቅርብ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፦ ውሃው በሚመጣበት በኩል ግድግዳው ሾጥጦ የተሠራው በክረምት ተንሳፍፎ የሚወርደውን በረዶ እንዲሰነጥቅ ነው። በ1814 አዲስ ዓመት መግቢያ ላይ የፕሩሲያው የጦር አለቃ ብሉኸር ናፖሌዎንን ሲያሳድድ ሠራዊቱን በተንሳፋፊ ድልድይ ያሻገረው በዚሁ ቦታ ነው።

ከኦበርቬዘል በታች ወንዙ ይበልጥ ይጠብና 132 ሜትር ከፍታ ያለው የሎረላይ አለት በቀኝ ይመጣል። በዚያ ሰዓት የሳሎኑ ሰዎች ሁሉ ፎቶ ለማንሣት ወጥተው ደርቡ ተጨናነቀ፤ አለቱ ካለፈ በኋላ ተመልሰው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ሳንክት ጎርን፣ የራይንፌልስን ሰፊ ፍርስራሽ፣ በቦፓርድ ያለውን ታላቅ የወንዝ መታጠፊያ ያየነው ጥቂት ሆነን ነው።

ከሰዓት በኋላ በኮብሌንዝ እያንዳንዳችን የጆሮ ማዳመጫ ተሰጥቶን፣ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ከፍ አድርጋ የያዘችውን አስጎብኚ ተከትለን የሞዘል ወንዝ ከራይን ጋር ወደሚገናኝበት ሹል ቦታ ሄድን። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት የቀዳማዊ ቪልሄልም የፈረስ ሐውልት መጀመሪያ የተተከለው በ1897 ነው፤ በ1945 በጦርነቱ ወድሞ አሁን ያለው የቆመው በ1993 ነው። ጉብኝቱ መልካም ነበር፤ ሆኖም የመንገዱ የድንጋይ ንጣፍ ለጉልበተ ደካማ ስለሚከብድ እናቴ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ከቡድን ጋር የምትሄዱ ሁሉ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መርከቢቱ ሸለቆውን የምታልፈው በብርሃን ነው ወይስ በጨለማ? የምትሄደውስ ወደ ታች ነው ወይስ ወደ ላይ? ወደ ላይ የሚሄድ መርከብ ከወራጁ ጋር ስለሚታገል ቀስ ይላል፤ ለተመልካች ግን የሚሻለው እሱ ነው።

የማይንዙ (ማይንዝ)

እህታችን በዝርዝር ስለጻፉልን እናመሰግናለን። በዚህ አካባቢ ብዙ ዘመን ስለኖርሁ ሎረላይን በተመለከተ የምጨምረው አለኝ፤ ብዙ ሰው ቦታውን በተረቱ ብቻ ስለሚያውቀው አደጋው የድሮ ወሬ ይመስለዋል።

በአለቱ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን እያበጠረች መርከበኞችን ታሳስታለች የምትባለው ልጅ በጥንት ሕዝብ ዘንድ የኖረች ትመስላለች፤ ታሪኳን ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ የጻፉት የጀርመን ባለቅኔዎች ናቸው። አደጋው ግን ከተረቱ ይቀድማል። ወንዙ በዚያ ቦታ ጠባብ፣ ጥልቅና ጠማማ ስለሆነ ከላይ የሚመጣው መርከብ ከታች የሚመጣውን አያየውም። ስለዚህ ከኦበርቬዘል እስከ ሳንክት ጎር ባለው ክፍል በዳርቻው ላይ የቆሙ የብርሃን ምልክቶች ወደ ላይ ለሚሄዱ መርከቦች ከላይ ምን እየመጣ እንደሆነ ይነግራሉ። ወደ ታች የሚወርድ መርከብ በቀላሉ መቆም አይችልምና ዳር ይዞ የሚጠብቀው ወደ ላይ የሚሄደው ነው። በላይኛው ደርብ ላይ የምትቀመጡ እነዚህን መብራቶች ፈልጓቸው።

በጥር 2011 ቫልድሆፍ የተባለች 2,400 ቶን ያህል የሰልፈሪክ አሲድ የጫነች መርከብ ሎረላይ አጠገብ ተገልብጣ ከሠራተኞቿ ሁለቱ ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ወንዙም ለብዙ ቀናት ለመርከብ ተዘግቶ ነበር። አስጎብኚዎች ስለ ውቢቱ ልጅ ብቻ ተናግረው ሲያልፉ የምቆጨው ስለዚህ ነው፤ በዚያ ወንዝ ላይ ዛሬም በየቀኑ የሚሠሩ ሰዎች አሉ።

አዲስ ጠያቂ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ከሁለታችሁም ብዙ ተምሬአለሁ። ልጄ ከባለቤቷ ጋር በጀርመን ስለምትኖር በነሐሴ መጀመሪያ እንዲህ ያለ ጉዞ ልታዘጋጅልን አስባለች። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ወቅቱ ጾመ ፍልሰታ ስለሆነ በመርከብ ላይ የጾም ምግብ ማግኘት ይቻላል? ሁለተኛ፣ አራት አገር ለሚያቋርጥ ጉዞ ስንት ቪዛ ያስፈልጋል?

የወንዝ ዳር (ፍራንክፈርት)

ጤና ይስጥልኝ፣ አባቴ። ስለ ምግቡ አያሳስብዎ፤ ነገር ግን ልጅዎ አስቀድማ መናገር ይኖርባታል። የመርከብ ወጥ ቤት አብዛኛውን ስንቅ ከመነሻው ጭኖ ስለሚወጣ በመንገድ ላይ የሚጠየቅ ነገር ላይሟላ ይችላል። ትኬቱ ሲቆረጥ «ቪጋን» ብላ በጽሑፍ ታስመዝግብ፤ «ሥጋ አልበላም» ማለት ብቻ አይበቃም፣ አትክልቱ በቅቤ፣ ሾርባው በክሬም ይመጣልና። ዳቦና ድንች ላይ የሚደረገውን ቅቤም ለይታ ትጥቀስ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ የምሳው ሰዓት ስለማይገጥም ምግቡ እንዲቆይልዎ ከመጀመሪያው ቀን ለምግብ ቤቱ ኃላፊ ይነገር። እናቴ ዓርብና ረቡዕ እንዲህ አድርጋ ተስተናግዳለች፤ አስተናጋጁ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ሳይጠየቅ ያመጣላት ነበር።

ስለ ቪዛው፦ ስዊዘርላንድ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ኔዘርላንድስ ሁሉም በሸንገን (በአንድ የጋራ ቪዛ በሚሠሩ የአውሮፓ አገሮች ክልል) ውስጥ ስለሆኑ ከባዝል እስከ አምስተርዳም አንድ የሸንገን ቪዛ ይበቃል። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ኤምባሲ ነው፤ ከልጅዎ ቤት የሚቆዩበት ጊዜ ከመርከቡ ጉዞ ጋር ተደምሮ ስለሚታሰብ ምናልባት ጀርመን ይሆናል። የዳኑብን ጉዞ ከመረጡ ግን ይጠንቀቁ፤ እስከ ቤልግሬድ የሚወርድ መርከብ ሰርቢያ ሲገባ ከሸንገን ይወጣል፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ቪዛ የያዘ ሰው መመለስ አይችልም።

አደይ (ኔታንያ)

ስለ ባካራኽ ማንም ሳያነሣ መታለፉ ከብዶኝ ነው የምጽፈው። ከካውብ በፊት በግራ በኩል ባለችው በዚያች ከተማ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ብሎ፣ ጣሪያ የሌለው ቀይ የድንጋይ ፍርስራሽ ይታያል። መስኮቶቹ ባዶ ሆነው ሰማዩ በውስጣቸው ስለሚታይ ከመርከብ ላይ ሁሉም ፎቶ ያነሣዋል። በእኛ ቡድን ውስጥ አስጎብኚው «ውብ የጎቲክ ፍርስራሽ» ብሎ አለፈው።

ያ ፍርስራሽ የቨርነር ጸሎት ቤት ይባላል። በ1287 ቨርነር የተባለ ልጅ ሞቶ በተገኘ ጊዜ አይሁድ ለሃይማኖታዊ ሥርዓት ገደሉት የሚል የሐሰት ክስ ተነሥቶ፣ በራይን ዳርቻ በሚገኙ ከተሞች ብዙ አይሁድ ተጨፍጭፈዋል። ጸሎት ቤቱ የተሠራው ለዚያ ልጅ እንደ ሰማዕት መታሰቢያ ሆኖ ነው፤ የትሪር ሀገረ ስብከት ስሙን ከበዓላት መዝገቡ ያስወጣው በ1963 ነው። ዛሬ በቦታው ይህንን እውነት የሚናገር ጽሑፍ ተቀምጧል፤ ነገር ግን ከመርከብ የማይወርድ ጎብኚ አያነበውም። ስለዚህ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ስታልፉ እናንተ ንገሯቸው። እኔ ለአባቴ ነገርኋቸው፤ ቆባቸውን አውልቀው ዝም ብለው ቆሙ።

የማይንዙ (ማይንዝ)

አደይ፣ ይህን ስላነሡ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ያለው ነገር በአስጎብኚው መልካም ፈቃድ ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም።

የባቡር ወዳጅ (ኮሎኝ)

የእህታችንን አስተያየት ባከብርም በአንድ ነገር አልስማማም። የጉዞው ዋጋ በሸለቆው ውስጥ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ከሆነ፣ ለእነዚያ ሰዓታት ሲባል የሳምንት የመርከብ ትኬት መቁረጥ ለምን ያስፈልጋል? ከ1826 ጀምሮ በራይን ላይ የሚሠራው የኮሎኝ–ዱሰልዶርፍ ኩባንያ በየዓመቱ ከፀደይ እስከ መጸው የቀን መርከቦችን ያመላልሳል። ከመርከቦቹ አንዷ በ1913 የተሠራችው ባለ ጎን መቅዘፊያዋ ጎተ ናት። ጠዋት ከኮብሌንዝ ተሳፍሮ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ እየተጓዙ ሩደስሃይም መድረስ፣ ወይም ባካራኽ ላይ ወርዶ አደይ የጠቀሱትን ጽሑፍ በቦታው ማንበብ፣ ከዚያ በባቡር መመለስ ይቻላል። ባቡሩ በሁለቱም ዳርቻ ይሄዳል፤ ከፍራንክፈርት በሩደስሃይምና በካውብ በኩል የሚወርደው የክልል ባቡር በዶይችላንድቲኬት (በመላ ጀርመን ለክልል ባቡሮች በሚያገለግለው ወርኃዊ ትኬት) ይሠራል። ከሩደስሃይም በላይ እስከ ኒደርቫልድ ሐውልት በወይን እርሻው ላይ የሚያልፍ የገመድ መኪና አለ፤ ሐውልቱ በ1883 የተመረቀ ሲሆን ከዚያ ላይ ሆኖ ወንዙን ማየት ከማንኛውም መርከብ ደርብ ይበልጣል። እኔ እንደማምነው ለገንዘቡ የሚያስብ ቤተሰብ በዚህ መንገድ የበለጠ ያያል።

የወንዝ ዳር (ፍራንክፈርት)

ለጎልማሳ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ልጆቼን ይዤ ብሄድ እንደዚያው አደርጋለሁ። የእናቴ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እሷ ሻንጣ ይዛ ባቡር መቀየር፣ የጣቢያ ደረጃ መውጣት፣ በየከተማው አልጋ መለዋወጥ አትችልም። ወንዙን ለመሻገር ደግሞ ከማይንዝ አካባቢ እስከ ኮብሌንዝ አንድም ድልድይ ስለሌለ በጀልባ መሻገር ግድ ነው። በመርከቡ ላይ አልጋዋ አብሯት ይሄዳል፤ ሲደክማት ደረጃ ወርዳ ትተኛለች፣ መጸዳጃው ቅርብ ነው፣ ሐኪም ካስፈለገ አስተባባሪዋ ትጠራለች። የገመድ መኪናውም ሲሳፈሩበት ጨርሶ ስለማይቆም ለአረጋዊ አልመክረውም። ዋጋው ውድ መሆኑን አልክድም፤ የምከፍለው ግን ለእሷ ዕረፍት ነው።

ጎጃሜው (ስቶክሆልም)

በነሐሴ ለመሄድ ላሰቡት አባታችን ማሳሰቢያ አለኝ። እኔና ባለቤቴ በነሐሴ 2022 ተመሳሳይ ጉዞ ይዘን ነበር። በዚያ ሰሞን ራይን እጅግ ስለቀነሰ መርከባችን ሸለቆውን ማለፍ አልቻለችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻንጣችንን ጠቅልለን በአውቶቡስ ተጭነን ከሸለቆው ታች ወደምትጠብቀን ሌላ መርከብ ተወሰድን፤ እህታችን የጻፉትን ሁሉ ያየነው በአውራ ጎዳና መስኮት ነው፣ ይኸውም ያላየነው ማለት ነው። አስጎብኚ ድርጅቱ ውሃው እየቀነሰ መሆኑን ከመነሣታችን በፊት ያውቅ ነበር፤ ግን አልነገረንም። ገንዘብ እንዲመለስልን ስንጠይቅ በውሉ ውስጥ «በውሃ መጠን ምክንያት መንገዱ ሊለወጥ ይችላል» የሚል አንቀጽ አሳዩን። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ያንን አንቀጽ አንብቡ፤ አውቶቡስ ከሆነ ምን ያህል እንደሚመለስላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

የማይንዙ (ማይንዝ)

በደረሰባችሁ አዝናለሁ። ይህን አስቀድሞ የሚታወቅበት መንገድ ስላለ ለሁላችሁም ላስረዳ። የመካከለኛው ራይን መርከበኛ ሁሉ ጠዋት ተነሥቶ የሚያየው የካውብን የውሃ መለኪያ ነው፤ ሸለቆው ውስጥ ጥልቀት የሚያንሰው በዚያ አካባቢ ስለሆነ፣ በዚያ ያላለፈ መርከብ ሸለቆውን ማለፍ አይችልም። ቁጥሩን ማንም ሰው በኢንተርኔት በየዕለቱ ማየት ይችላል።

ቁጥሩ ግን የወንዙ ጥልቀት አይደለም፤ ብዙ ሰው በዚህ ይደናገጣል። መለኪያው 78 ሳንቲሜትር ገደማ ሲያሳይ በመርከብ መተላለፊያው ላይ 1.90 ሜትር ያህል ውሃ አለ ማለት ነው። በጥቅምት 2018 ቁጥሩ 25 ሳንቲሜትር ደርሶ ነበር፤ ይኸውም በመተላለፊያው 1.37 ሜትር ያህል ውሃ ብቻ ቀርቶ ነበር ማለት ነው። የመንገደኛ መርከቦች ውሃ ውስጥ የሚገባው አካላቸው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ከዚህ በኋላ ያለውን ስሌት ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። በሌላ ወገን፣ ውሃው በዝቶ መለኪያው 6.40 ሜትር ሲያልፍ መርከብ ሁሉ ይቆማል። በአውሮፓ ወቅቶች አቆጣጠር ውሃው የሚያንሰው አብዛኛውን ጊዜ ከበጋው መጨረሻ እስከ ጥቅምት፣ የሚሞላው በክረምትና በፀደይ መግቢያ ነው። ግንቦትና ሰኔ የተሻሉ ናቸው።

አዲስ ጠያቂ (አዲስ አበባ)

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ልጄን አነጋግሬ ጉዞውን ወደ ሰኔ አጋማሽ ለማዛወር ተስማምተናል፤ የሐዋርያት ጾም ስለሆነ የምግቡ ምክር እዚያም ይጠቅመናል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጀርመንኛም እንግሊዝኛም በደንብ ስለማልሰማ፣ የትኛው ግንብ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ከኮብሌንዝ በታችስ የምናየው ነገር አለ?

የወንዝ ዳር (ፍራንክፈርት)

ቋንቋ ሳያስፈልግ የሚያውቁበት መንገድ አለ። በሁለቱም ዳርቻ ከኮንስታንስ ድልድይ ጀምሮ የተቆጠረ የኪሎሜትር ቁጥር በትልልቅ ሰሌዳ ተጽፎ ይታያል። ልጅዎ እነዚህን በወረቀት ላይ በአማርኛ ትጻፍልዎ፦ 527 ገደማ ሩደስሃይም፣ 530 የአይጦች ግንብ፣ 543 ባካራኽ፣ 546 ካውብና በውሃው መካከል ያለው ምሽግ፣ 554 ሎረላይ፣ 556 ሳንክት ጎር፣ 570 ቦፓርድ፣ 580 ማርክስቡርግ፣ 592 ኮብሌንዝ። ቁጥሩ ሲቃረብ ቀና ብለው ማየት ብቻ ነው፤ እናቴ በዚሁ መንገድ ከአስጎብኚዋ ቀድማ ትነግረኝ ነበር።

ከኮብሌንዝ በታች ደግሞ ቦን አለልዎ። ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨው የዶይቸ ቬለ ሬዲዮ ዋና መሥሪያ ቤት በዚያ ነው፤ ፖስት ታወር የሚባለውን 162 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የመስታወት ሕንፃ በግራ ዳርቻ ሲያዩ፣ የሬዲዮ ጣቢያው ከአጠገቡ ነው።

አዲስ ጠያቂ (አዲስ አበባ)

በአጭር ሞገድ ስንሰማው የኖርነው! ለባለቤቴም ነግሬአታለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ቦንንም እንጨምራለን። የኪሎሜትሩ ቁጥር ስንት ነው?

የባቡር ወዳጅ (ኮሎኝ)

652 ገደማ ነው፣ አባቴ። በግራ ይቀመጡ።